የሚያንኳኳው ተከራይ

በሕይወቴ የተበቀልኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ዱላዬ ድምፅ ነበር። በመጀመሪያው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሁለተኛው ባለፈው ወር ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ቂሙንም ጸሎቱንም አንድ ላይ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ሳሉ ግን የሌላ ሰው ነበር።

ሰውየው ተከራያችን ነው። ቤታችን ከፊት ሦስት ክፍል ነበረው፤ በአንደኛው እናቴ መጋረጃ ትሰፋለች፣ በሁለተኛው እንተኛለን፣ ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አንድ ሰው ሲያነጥስ ሁለት ሰው ያነጠሰ የሚመስልበት። ከዚህ ባዶ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ በሩ በጓሮ የሚከፈት አንድ ክፍል ደግሞ ነበረን። ሽማግሌው እዚያ ነበር። ብቻውን ይኖራል። በጋ ከክረምት አንገቱን በሻርፕ ይጠቀልላል። ሰላም ሲሉት ራሱን ነቅንቆ ያልፋል፣ ከዚያ ያስላል፤ ከባድ ዕቃ በወለል ላይ እንደሚጎትት ሰው። የሰፈሩ ልጆች «ሳል» ነበር የምንለው። እናቴ «እሳቸው» ትላለች፤ እኔ በሆዴ «እሱ» እላለሁ። ለሰው አፉን መክፈት የሚጸየፍ ኩራተኛ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ኮምፒውተሩን ያመጣው መሐንዲሱ ነው። መሐንዲሱ የእናቴ ወንድም ልጅ ነው፤ ሥራ ፍለጋ መጥቶ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ዕድሜው ወደ ሃያ፣ የሞተ ስልክ የሚያስነሳ፣ ምላሱ ማር የሚያንጠባጥብ። ምህንድስና በደጁ እንኳ አላለፈም፤ ስሙን ያወጡለት ስልክ ያስጠገኑ ሴቶች ናቸው። ወንድም ስላልነበረኝ ወንድሜ እሱ ነበር። እሱ ያለው ነገር ለእኔ በማኅተም የጸና ነበር።

አንድ ቀን ቁልፉ የተነቃቀለ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣና ባዶው ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። ሰዎች ጌም እየተጫወቱ፣ እየተጫወቱም እያወሩ ይቀርጹና ኢንተርኔት ላይ ይጭኑታል፣ ሌላው ዓለም ደግሞ ቁጭ ብሎ ያያል፣ እኛም እንጀምራለን አለ። እናቴ መቀሷን አስቀምጣ አየችው።

«ሌላ ሰው ሲጫወት ማየት? ሌላ ሰው ሲበላ ከማየት በምን ይለያል?»

«አክስቴ፣ ሰው የሚያየው ጨዋታውን አይደለም። ወሬውን ነው።»

«ወሬ ከሆነማ እዚህ ቤት ሞልቷል፤ ጀምሩ» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

መጀመሪያ ራሱ ሞከረው። መንገድ ላይ ሰው የሚያስቅ ምላስ ማይክ ፊት ሲቀርብ ታሰረ፤ ጮክ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ እንደ ሻማ እየቀለጠ ይወርዳል። ሦስት ቀን ታገለ። በአራተኛው ቀን እኔ ስጫወት ከስክሪኑ ጋር የማወራውን በር ላይ ቆሞ ሰማኝ፤ ከዚያ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ገንዘብ የሚባል ነገር አልነበረንም። ከተበጠሰ የስልክ ማዳመጫ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህለውን ማይክ ቆርጦ እርሳስ ጫፍ ላይ በፕላስተር አሰራት። ትንፋሼ እንዳይነፋባት በእኔ ሐሳብ የሕፃንነት ካልሲዬን አለበስናት። ድምፄን በእናቴ ስልክ ለብቻው እንቀዳለን፤ ስክሪኑን የሚቀርጸው ፕሮግራም የነፃ ሙከራ ስለሆነ በየአሥር ደቂቃው ይቆማል፣ ሥዕሉ መሃል ላይም የራሱን ስም ያትማል። ሁለቱ እንዲገጣጠሙ ስጀምር አንዴ አጨበጭባለሁ፤ በጭብጨባዬ ልክ የጌሙን አውቶቡስ በር እዘጋለሁ። አዎ፣ ጌሙ አውቶቡስ መንዳት ነበር። ለዚያ ኮምፒውተር ሌላው ሁሉ ይከብደዋል። ያለቀውን በሚሞሪ ካርድ ይዞ ኢንተርኔት ቤት ይሄዳል፤ አንዷን ቪዲዮ ለመጫን ግማሽ ቀን ይቀመጣል።

የመጀመሪያውን ቀን እንደ ዛሬ አስታውሳለሁ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ደብተሬን ጥዬ ገባሁ። ከቆርቆሮው ላይ ሙቀት ይወርዳል፤ ካልሲው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አጨበጨብኩ።

«ተሳፋሪዎቼ፣ እንደምን አላችሁ። እኔ ሹፌራችሁ ነኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ቀበቶ እሰሩ። ቀጣዩ ማቆሚያ አሮጌው ድልድይ ነው…»

ኳ።

ከግድግዳው ማዶ፤ በጣት አንጓ አይደለም፣ በእንጨት። መሐንዲሱ በእጁ ቀጥይ አለኝ። ቀጠልኩ። ጥቂት ሄጄ፣ ኳ። ከዚያ ፍጥነት ጨምሬ አንዲት ላም ልገጭ ስል፣ ኳ ኳ። አሥር ደቂቃ ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ አንኳኳ። ቆጥሬዋለሁ፤ ቂም የሚይዝ ልጅ መቁጠር ይወዳል።

በማግሥቱም፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ሥፍራ ቀየርኩ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ፣ ድምፄን ቀነስኩ። ድምፄን ስቀንስ ማንኳኳቱ ባሰ። በተለይ አንድን ነገር ተናግሬ በደስታ ላበቃ ስል፣ ልክ ጫፉ ላይ፣ ያንን እንጨት ይሰነዝራል። ይጠብቀኛል አልኩ። ጥፍሬን እየበላሁ ግድግዳውን አያለሁ። አንድ ቀን ብቻ ሙሉውን አሥር ደቂቃ ሳያንኳኳ ጨረስኩ። ሞተ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ቪዲዮዎቹን የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚጽፈው አስተያየት ግን አንድ ዓይነት ሆነ። «የሚያንኳኳው ማነው?» «አንኳኪው ዛሬ ቀረ እንዴ?» መሐንዲሱ እያነበበልኝ እስኪያለቅስ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም። የሚያዩት እኔን መስሎኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ መስፊያ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ የወደቀ መርፌ በማግኔት ስለቅም የሳል ጫማ ደፍ ላይ ቆመ። ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፅ አልነበረውም፣ በወንፊት እንደሚያልፍ አሸዋ ነው።

«ኮምፒውተሩ ከዚያ ክፍል ይውጣ» አለ። «በየቀኑ እየሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

የቀረውን ሳሉ በላው፤ ከዚያም እናቴ ተነስታ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ማንሾካሾክ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ የእናቴን ሰማሁ፤ «አይሆንም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሴት ልጅ እናት ነኝ።»

እናቴ ስለ እኔ ተሟግታ እንዳሸነፈች ገባኝ። ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ተቆጥታ ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው የቁጣ መቅላት አልነበረም፤ እናቴ ስትቆጣ ትገረጣለች።

ማታ ምን እንዳለ መሐንዲሱን ጠየቅሁት፤ እናቴ ከሽማግሌው በኋላ ጠርታ ስታነጋግረው አይቻለሁና። ከስልክ ጀርባ ብሎን እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ «ወይ ኮምፒውተሩ ይውጣ ወይ እኔ እወጣለሁ ብሏል» አለኝ። «ይሸጥ ነው የሚለው። ልጅቷ ወፍ አይደለችም፣ ምን ያስጮኻታል አለ።»

ወፍ የምትለዋ ቃል ገደለችኝ። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አማርኛ ጸለይኩ፤ ጸሎቴ አንድ መስመር ነበር፤ ይህን ሰው ስጠኝ።

የተሰጠኝ መሰለኝ። ሐሳቡ የመሐንዲሱ ነበር፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ ይህን በማንም አላላክክም። መሐንዲሱ በኩሽናው መስኮት ተደብቆ ሽማግሌውን በጓሮ ቀረጸው። ባልዲ ሲያነሳ፤ ሻርፑን ሲያጥብ፤ ሸሚዙን ሲያሰጣና አንዱ መቆንጠጫ አምልጦት ጎንበስ ብሎ ሲፈልገው፤ ከዚያም በሩ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን እያነቃነቀ ለራሱ ሲያንሾካሹክ። እኔ በዚያ ላይ ጌም እንደምጫወት ሆኜ ተናገርኩበት።

«ተጫዋቻችን ባልዲውን አነሳ። አንድ ነጥብ። ሳለ፤ ሁለት ነጥብ። መቆንጠጫው ወደቀ፤ እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ሽማግሌዎች ተሸንፈዋል። አሁን ከማይታይ ጓደኛው ጋር እየተማከረ ነው። ጉልበቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። ዱላውን ካጣ ጨዋታው ያበቃል።»

ለስላሳ፣ ሳልቸኩል፣ እያንዳንዷን ቃል በጥርሴ እየያዝኩ ነበር የተናገርኩት። ጥላቻ ያረጋጋል። መሐንዲሱ በኳኳታው ጀመረው፣ በኳኳታው ዘጋው።

ቪዲዮው ሄደ። ከስልክ ወደ ስልክ ዘለለ፤ በሳምንቱ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ በቃሉ ይለዋል። ከሰፈር ልጆች አንዱ የሽማግሌውን በር ኳ ኳ ኳ አድርጎ ሮጠ። ከዚያ ጨዋታ ሆነ። ሲሄዱም ሲመጡም ያንኳኩበታል፤ ሊከፍት ሲወጣ ስልካቸውን ወደ ፊቱ ዘርግተው ድምፄን ያሰሙታል። «ጨዋታው ያበቃል!» እያሉ። እኔ በመስኮት ቆሜ አያለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በወሩ ለቀቀ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ለእናቴ ሲሰጥ አየሁ፤ ቁልፍና የተረፈ ዕቃ መሰለኝ። እኔ በሩ ጋ ተደግፌ ነበር፤ ማሸነፌን እንዲያይልኝ ፈልጌ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር።

«እዚያኛው ላይ» አለኝ በዚያ በአሸዋ ድምፁ፣ «አንድም አልዋጥሽም።»

ሄደ። እርግማን ነው ብዬ ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው ረሳሁት።

መሐንዲሱም ብዙ አልቆየም። በዚያ ቪዲዮ ሰው አወቀውና ጓደኞች ጋር ቤት ተከራየ፤ ኮምፒውተሩን ይዞ፣ ቻናሉን ይዞ። የእኔ ድምፅ የሚነገርበት ቻናል በእሱ ስም እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ታናሽ ስለሆንኩ ነው አልኩ፤ እናቴም ወንድምሽ ነው፣ ቢበላስ አለች።

ከዚያ ዘመን የቀረልኝ ጆሮዬ ነው። ዛሬ ሥራዬ ማዳመጥ ነው፤ የተቀዳ የችሎት ክርክር እያዳመጥኩ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ማንም አላስተማረኝም። አንዲት ቃል ለማግኘት ያንኑ ቦታ ሃያ ጊዜ መመለስ የሚችል ሰው ይህን ሥራ ይችላል። ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሲውጥ ወዲያው ይሰማኛል፤ ምስክር የሚዋሽ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚውጠው ጫፉን ነው።

አምና እናቴ ጋ ቁጭ ብዬ ስለ ሥራዬ ሳማርር፣ አፋቸውን ስለማይከፍቱ ጠበቆች፣ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች፣ «ጋሼ ቢኖሩ ያንኳኩባቸው ነበር» አለች።

የትኛው ጋሼ አልኳት።

«ተከራያችን ናቸዋ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ጣቢያ በድምፅ ማጉያ የአገር ስም እየጠሩ አውቶቡስ ሲያስነሱ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው። በኋላ ሐኪም ቤት ጉሮሯቸውን ቀደዷቸው፤ ድምፃቸው በዚያው ቀረ። ጣቢያው ውስጥ አለቃቸው ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ፣ የአገሩን ስም ጫፍ ሲውጡ አንዴ፣ ሲቸኩሉ ሁለቴ ያንኳኳባቸው ነበር አሉ። ስሙን ከዋጡት ሰው ሌላ አገር ይወርዳላ።»

እናቴ መስፋቷን አላቆመችም። አንድ ቀን መጥተው፣ ልጅሽ ተሰጥኦ አላት፣ ያ ክፍል ግን ባዶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፣ የእኔ ክፍል ምንጣፍም የተሰቀለ ልብስም አለው፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ ይውጣና እኔ ጋ ትቅዳ እንዳሏት ነገረችኝ። ደግ ሰው መሆናቸውን ታውቃለች፤ ግን ሴት ልጅ ብቸኛ ወንድ ቤት፣ ሰው ምን ይላል ብላ እንቢ አለች። ለእኔ ምክንያቱን መናገር አሳፈራት። ለመሐንዲሱ ግን ሁሉን ነግራው፣ ባዶው ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲሰቅልልኝ አራት የተረፈ መጋረጃ ሰጥታው ነበር።

እኔ የተሰቀለ መጋረጃ አላየሁም። መጋረጃ ቢሰቀል ኳኳታው አይሰማም ነበር። ሰው የሚወደው ደግሞ ኳኳታውን ነበር።

«ያ ብረት እግር ያለው ማይክስ አለሽ?» አለችኝ። «ሲለቁ ላንቺ ብለው በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። መሐንዲሱ ያውቅበታል ብዬ ለእሱ ሰጠሁት። አልሰጠሽም እንዴ?»

«ሰጥቶኛል፣ እማዬ» አልኳት። በዚያ ዕድሜዋ እውነቱ ምን ያደርግላታል።

ቤቴ ሄጄ መሐንዲሱ ጥሎት የሄደውን አሮጌ ሚሞሪ ካርድ ከዕቃ ሣጥን ሥር አወጣሁ። የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ እንደ ችሎት ክርክር አዳመጥኩት፤ እየመለስኩ፣ እየጻፍኩ። «ቀጣዩ ማቆሚያ አሮጌው ድልድይ ነው»፤ የመጨረሻዋ ቃል የለችም፣ ውጫታለሁ። ኳ። ላሟ ጋ ስደርስ ሦስት ቃል አንድ ላይ ጠፍቷል። ኳ ኳ። አሥራ አራቱም በቦታቸው ናቸው። አንድም ስህተት የላቸውም። ያቺ ያላንኳኩባት ቀን ደግሞ፣ እኔ ሞቱ ብዬ ደስ ያለኝ ቀን፣ መጨረሻዋ ላይ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ሌላ ነገር ይሰማል፤ መዳፍ ነው። በመዳፋቸው ግድግዳውን ቀስ እያደረጉ ሲመቱ፤ አንድ እጅ እንደሚያጨበጭብ።

ያ ለራሳቸው ሲያንሾካሹኩ የነበረውም ገባኝ። ቪዲዮውን አዘግይቼ ከንፈራቸውን አየሁ፤ የአገር ስም ነበር የሚደረድሩት። አንድ በአንድ፣ ጫፉን ሳይውጡ።

ከእኛ በለቀቁ በሦስተኛው ዓመት አርፈዋል። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ አነሳቸዋለሁ፤ ቃሉን እስከ ጫፉ ድረስ እላለሁ። ቀጥሎ መሐንዲሱን ይቅር ለማለት እሞክራለሁ፤ እዚያ ላይ ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል። ፈጣሪ ታጋሽ ነው፤ እስከ ባለፈው ወር ታገሠኝ።

ባለፈው ወር መሐንዲሱ ሥልጠና እንደሚሰጥ ማስታወቂያ አየሁ። «የጌም ኮሜንተሪ ቪዲዮ ያለ ገንዘብ አጀማመር።» ከአንድ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ አዳራሽ፤ የብረት ወንበር፣ ደብተር የያዙ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች። ፊት ረድፍ ተቀመጥኩ። ሲያየኝ ክንዱን ዘርግቶ መጣ፤ ወፍሯል፣ ያው ማር ምላስ ነው። ለልጆቹ ሲያስተዋውቀኝ፣ «ይቺ እህቴ ናት፤ ስጀምር ታግዘኝ ነበር» አለ።

ካልሲውን ነገራቸው፤ ሐሳቡ የእሱ ሆነ። ጭብጨባውን ነገራቸው። ከዚያ መብራት አጥፍቶ ቪዲዮውን ከፈተ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መቆንጠጫ ይፈልጋሉ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ድምፄ ከላያቸው ይስቃል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ዓይኔን አላሸሸሁም፤ የራሴ ዕዳ ነውና።

መብራቱ በራ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ የለበሰ ነገር ነበር፤ ጨርቁን ገፈፈው። ከባድ የብረት እግር ያለው የጣቢያ ማይክ። እግሩ ላይ በነጭ ቀለም «በር 2» ተብሎ ተጽፏል።

«የመጀመሪያ ማይኬ» አለ። «ድሃ ነበርኩ፣ ግን ቆራጥ። ይህን ማይክ ሙሉ ዓመት ምሳዬን እየዘለልኩ በራሴ ገንዘብ ነው የገ…»

የጋብቻ ቀለበቴን በወንበሬ ብረት ላይ አሳረፍኩት።

ኳ።

ልጆቹ ሳቁ፤ በቪዲዮው የቀለድኩ መሰላቸው። እሱም ሳቀ። «አንኳኪው ዛሬም አለ!» አለና ቀጠለ። «እንዳልኳችሁ፣ ምሳዬን እየዘለልኩ፣ በላቤ ያገኘሁት…» ጫፉ እንደ ድሮው ቀለጠ።

ኳ።

አሁን የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። ዓይኑ ወደ እኔ መጣ፤ ከእኔ ወደ ማይኩ፣ ከማይኩ ወደ ነጩ ጽሑፍ። ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረ፤ ስለ መብራት፣ ስለ አርትዖት፣ ስለ ትዕግሥት።

ኳ ኳ።

ላብ ከጆሮው ሥር ወረደ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ማይኩን ከየት እንዳገኙት መጨረሻውን አልሰማነውም» አለች። ሃያ ብዕር ይጠብቃል። አፉን ከፈተ። የጀመረውን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረው፤ «ይህን ማይክ» አለ፣ «እኔ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለም። ቀለበቴ ብረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ብቻ ጠበቅሁት፤ ሽማግሌው እኔን እንደሚጠብቁኝ።

«አሥራ አምስት ደቂቃ እረፍት እናደርጋለን» አለ።

ጥርት ያለ፣ ያልቸኮለ፣ እስከ ጫፉ የደረሰ። አላንኳኳሁም።

ልጆቹ ወንበራቸውን እየገፉ ተነሱ። እኔ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ፤ የማይኩን ገመድ ነቀልኩ። እሱ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ እጁን እንኳ አላነሳም። ከቦርሳዬ ፎጣ አውጥቼ ጠቀለልኩት። ፎጣውን ከቤት ይዤው ነበር የመጣሁት።